መዝገብ፣ ካርታ፣ ካሴት፦ ጅማ ላይ ዲጂታል ማኅደር ስትጀምሩ ምኑን ከምን ትመርጣላችሁ?

ብዙ ሰው ከመጨረሻው ነው የሚጀምረው። "የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?" ብሎ ይጠይቃል። ቤቱ ውስጥ ሁለት ሻንጣ የዕድር መዝገብ አለ፣ ቁም ሳጥን ላይ ተጠቅልሎ የተጣለ ካርታ አለ፣ ካርቶን ሙሉ ካሴት አለ፣ አንዱም ገና አልተነካም። ሶፍትዌሩን ለጊዜው ተዉት፣ እመጣበታለሁ።

እኔ የምመርጥበት መስፈርት አንድ ነው። የሚደገም ሥራ ላይ ገንዘብና ጉልበት ቆጥቡ፣ የማይደገም ሥራ ላይ አትቆጥቡ። ዌብሳይት ቢበላሽ ሌላ ይሠራል። ሻጋታ የበላው ገጽ፣ ሲዞር የተበጠሰ ካሴት፣ ሳይቀዳ የቀረ የአዛውንት ታሪክ ግን አይመለስም። ከስካነር እስከ ኢንተርኔት ከዚህ በታች የማነጻጽረውን ሁሉ የማየው በዚህ ነው።

ጅማ ላይ ደግሞ ነገሩ ጊዜ አይሰጥም። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ የሚጥልበት አገር ነው። የበልጉ ዝናብ ሳያልቅ ክረምቱ ይገባል፣ ግድግዳ ይረጥባል፣ ወረቀት ውሃውን ይጠጣል። መዝገቡን ስትከፍቱ ሻጋታ ከሸተታችሁ ቶሎ ወደ ስካነር አትሩጡ። ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚገባበት ክፍል ለጥቂት ቀናት አናፍሱት። ፀሐይ ላይ ማስጣት አይሆንም፣ ቀለሙን ያነጣዋል፣ ወረቀቱንም ያኮማትረዋል። አፍና አፍንጫችሁን በማስክ ሸፍኑ፣ የሻጋታ ብናኝ ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

ምን ያህል ነገር አለ ለሚል፣ ጅሬን ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥትና የከተማው ሙዚየም የያዙትን ትተን እንኳ በየሰዉ ቤት ያለው ቀላል አይደለም። የቡና ነጋዴ የሒሳብ ደብተር፣ የመሬት ግብር ደረሰኝ፣ በዓረብኛ ፊደል የተጻፈ ኦሮምኛ፣ አጀሚ የሚባለው ማለቴ ነው፣ የጣሊያን ጊዜ የሕንፃ ፕላን፣ የተማሪ ቤት ፎቶ። መንዙማ የተቀዳበት ካሴትማ ስንት ቤት አለ።

ወረቀት፦ ስልክ፣ ጠፍጣፋ ስካነር ወይስ ካሜራ?

ስልክን የሚንቁ አሉ። እኔ አልንቅም፣ ግን ሒሳቡን ማወቅ ያስፈልጋል። 12 ሜጋፒክስል ካሜራ ያለው ስልክ 4,000 በ3,000 ነጥብ ይይዛል። ኤ4 ወረቀት በረጅሙ ጎን 11.7 ኢንች ስለሆነ፣ ገጹ ክፈፉን በደንብ ከሞላው በኢንች ወደ 340 ነጥብ ታገኛላችሁ። ለተጻፈ ወረቀት 300 ይበቃል። ስለዚህ ስልካችሁ ለደብዳቤና ለደረሰኝ ያንሳል የሚለው ወሬ ልክ አይደለም። ወረቀቱ ኤ3 ሲሆን ቁጥሩ ወደ 240 ይወርዳል፣ እዚህ ላይ ማሰብ ትጀምራላችሁ።

የስልክ ችግሩ ሌላ ነው። "ስካን" የሚሉት አፕሊኬሽኖች ገጹን ራሳቸው ይቆርጣሉ፣ ራሳቸው ያነጣሉ። አሮጌ የዕድር መዝገብ አስቡ። ስሙ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል፣ ዳር ላይ በእርሳስ "ከፍሏል" ይላል፣ ከታች ሐምራዊ ክብ ማኅተም አለ፣ ቀለሙ ደብዝዟል። አፑ ጥቁርና ነጭ ሲያደርገው እርሳሱ ይጠፋል፣ ማኅተሙ ወይ ጥቁር ነጠብጣብ ይሆናል ወይ ጭራሽ የለም። ማኅተም የሌለው መዝገብ ምኑን መዝገብ ሆነ? በስልክ የምትሠሩ ከሆነ ተራውን የካሜራ አፕ ተጠቀሙ፣ በቀለም አንሱ፣ አትቁረጡ፣ የገጹ አራቱም ጠርዝ ይታይ። ፍላሽ ይጥፋ። የመስኮት ብርሃን ከጎን ይምጣ። ስልኩን በእጅ ከመያዝ ማቆሚያ ላይ ማሰር ይሻላል፣ የእጅ መንቀጥቀጥ ፊደሉን ያደበዝዘዋል።

ጠፍጣፋ ስካነር ለነጠላ ወረቀትና ለፎቶ የሚወዳደረው የለም። ቀጫጭኖቹ፣ እንደ ካኖን ላይድ ያሉት፣ ኃይል የሚወስዱት ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ገመድ ነው። መብራት ቢጠፋም ባትሪው እስካለ ሥራ አይቆምም፣ ይህ እዚህ አገር ትልቅ ነገር ነው። ጉድለታቸው መስታወቱን የነካውን ብቻ አጥርተው ማየታቸው ነው። የተጨማደደ ወረቀት ወይም የደብተር መሃል ስፌት ትንሽ ከፍ ካለ ይደበዝዛል። ጥርት ይበል ብላችሁ መዝገቡን በኃይል ስትጫኑት ደግሞ ጀርባው ይሰነጠቃል። የተሰፋ ነገር ካላችሁ ጠፍጣፋ ስካነር አትጠቀሙ። በቃ።

ለተሰፋ መዝገብ፣ ለኪታብ፣ ለብራና መልሱ ከላይ የሚያነሳ ካሜራ ነው። ካሜራው ወደ ታች ይመለከታል፣ መጽሐፉ ግማሽ ተከፍቶ በሁለት በኩል በትራስ ይደገፋል፣ ሁለት መብራት ከግራና ከቀኝ። መጽሐፉን 180 ዲግሪ መዘርጋት ግዴታ አይደለም። መጀመሪያ የቀኝ ገጾቹን በሙሉ፣ ከዚያ የግራዎቹን በሙሉ ማንሳት ሥራውን ያፋጥነዋል። ካሜራ የለንም ካላችሁ ስልኩ በዚሁ አቀማመጥ ይሠራል፣ እውነቱን ለመናገር ከመሣሪያው ይልቅ አቀማመጡ ነው ልዩነት የሚያመጣው።

ፎቶ በ600 ነጥብ ስካን ይደረግ። ነጌቲቭ ያለው ሰው ደግሞ ከታተመው ፎቶ ነጌቲቩን ያስቀድም። ለነጌቲቭ ከክዳኑ በኩል ብርሃን የሚያበራ ስካነር ያስፈልጋል፣ ኤፕሰን ቪ600 ዓይነቱ ማለት ነው። እሱን አንድ ሰው ገዝቶ ለሰፈሩ ቢያከራይ ያዋጣዋል እላለሁ።

ወረቀት ራሱ ስቦ የሚያስገባ የቢሮ ስካነር? ለአሮጌ ወረቀት አይሞከርም። አንድ ጊዜ ከነከሰ በኋላ የሚመጣውን መገመት አያቅትም።

ፋይሉስ? ዋናውን ቲፍ አድርጉ፣ የምስሉን ጥራት ሳይቀንስ የሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት ነው፣ ለሰው የምታሳዩትን ጄፔግ ወይም ፒዲኤፍ። አንድ ኤ4 ገጽ በ300 ነጥብ፣ በቀለም፣ ሳይጨመቅ ወደ 26 ሜጋባይት ይይዛል። ሁለት ሺህ ገጽ 52 ጊጋባይት ገደማ ነው። የሚያስፈራ አይደለም። ስልኩ የሚሰጠው ጄፔግ ብቻ ከሆነ ያንኑ ሳትነኩ አስቀምጡ፣ ጄፔግን ወደ ቲፍ መለወጥ የጠፋውን አይመልስም፣ ፋይሉን ብቻ ያሳብጠዋል።

ካርታ

ካርታ ላይ ስልክ ይሸነፋል። 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ካርታ በአንድ ፎቶ ሲነሳ በኢንች ወደ 127 ነጥብ ብቻ ይደርሳል። በ1፡50,000 ካርታ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ግማሽ ኪሎ ሜትር ነው፤ የከፍታ መስመሮቹና የትናንሽ ቦታ ስሞች በዚህ ጥራት አይነበቡም። ያላችሁ ምርጫ ሦስት ነው። አንደኛው ሰፊ ስካነር ወዳለው ማተሚያ ቤት መውሰድ፣ ካርታው ጠንካራ ከሆነ ይህ ይበልጣል፣ ግን እነዚህ ስካነሮች በጥቅልል ስለሚስቡ የተቀደደ ጠርዝ ያለው ካርታ እንዳይገባባቸው። ሁለተኛው በኤ4 ስካነር ከፋፍሎ መገጣጠም፣ አድካሚ ነው፣ የስካነሩ ጠርዝም ካርታውን ያጥፈዋል። ሦስተኛው በካሜራ ከፋፍሎ ማንሳትና እንደ ሁጊን ባለ ነፃ ፕሮግራም ማያያዝ። እኔ ለተጎዳ ካርታ ሦስተኛውን እመርጣለሁ። እያንዳንዱ ፎቶ ከጎኑ ካለው ጋር ቢያንስ ሲሶውን ይደራረብ፣ ዳሩ ላይ ማስመሪያ ይቀመጥ። ካርታው ተጠቅልሎ የኖረ ከሆነ በአንድ ቀን ለመዘርጋት አትታገሉ፣ ቀስ ብሎ ሰሌዳ ሥር ይደር።

የካርታን ፋይል ተራ ምስል አድርጎ መተው ይቻላል፣ ግን ያሳዝናል። ኪውጂአይኤስ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ካርታውን ከመሬቱ ጋር ብታገናኙት፣ የዛሬውን የሳተላይት ምስል ከሥሩ አድርጋችሁ የድሮው ሂርማታ ገበያ የት እንደነበር፣ መንገዱ ከየት ወዴት እንደዞረ ማየት ትችላላችሁ። ዩቲኤም በሚባለው የካርታ መለኪያ ሥርዓት ጅማ የምትገኘው በ37ኛው የሰሜን ዞን ነው። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያስት ነገር አለ። የአገራችን የድሮ 1፡50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል የመነሻ ሥርዓት ነው፣ የስልካችሁ ጂፒኤስ ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 ይጠቀማል። ሁለቱን ሳታስተካክሉ ብታጋጥሙ ሁሉም ነገር ከመቶ ሜትር በላይ ይንሸራተታል፣ መስጊዱ ወንዝ ውስጥ ቆሞ ታገኙታላችሁ። ፕሮግራሙ ሲጠይቃችሁ አዲንዳንን መምረጥ ብቻ ነው።

ድምፅ፦ ከሁሉም የሚቸኩለው

ወረቀት ከተጠበቀ መቶ ዓመት ይቆያል። ካሴት አይቆይም። ማጫወቻውም እየጠፋ ነው። ጊዜያችሁና ብራችሁ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ፣ መዝገቡንም ካርታውንም ተዉትና ካሴቱን ቅዱ።

ከሁሉ በፊት የካሴቱን ጫፍ ተመልከቱ። ላይኛው ጠርዝ ላይ ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉ። እነሱ ካልተሰበሩ በስህተት ሊቀዳበት ይችላል፣ አንድ ቁልፍ ያለ ቦታው ተጫን ማለት መንዙማው ሄደ ማለት ነው። በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ስበሯቸው። ከዚያ ካሴቱን አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አስኪዱ፣ መልሱ፣ ከዚያ አጫውቱ። ለዓመታት ሳይነካ የቆየ ክር አንዱ ባንዱ ላይ ተለጥፎ ይገኛል።

ማጫወቻ ስትመርጡ ሁለት መንገድ አለ። ርካሿ በዩኤስቢ የምትሰካ ትንሽ ካሴት ማጫወቻ ናት፣ በመስመር ላይ ገበያ የምትሸጠው። ትሠራለች፣ ግን ሞተሯ ፍጥነቱን አይጠብቅም፣ ድምፁ ይዋልላል፣ ዘፈኑ የሰከረ ይመስላል። ሌላው የድሮ ጥሩ ዴክ፣ ትልቁ የቤት ካሴት ማጫወቻ ነው፣ ከያለበት ተፈልጎ፣ ጥገና ቤት ገብቶ፣ ላስቲኩ ተቀይሮ፣ ጭንቅላቱ በአልኮልና በጥጥ ተጠርጎ። ይህኛው ጣጣ አለው። ቢሆንም መስፈርታችንን አስታውሱ፣ ካሴቱን ደጋግማችሁ ማጫወት ራሱ ይጎዳዋል፣ ስለዚህ አንዴውኑ በደንብ መቅዳት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ለጥቂት የቤት ንግግር ካሴቶች ርካሿ ትበቃለች፣ ለመንዙማ፣ ለሙዚቃ፣ ለሬዲዮ ቅጂ ዴኩን ፈልጉ።

ዴኩን ከላፕቶፕ ጋር ስታገናኙ በላፕቶፑ የማይክ ቀዳዳ አትሰኩ። ያ ቀዳዳ ለጆሮ ማዳመጫ ማይክ የተሠራ ነው፣ አንድ ቻናል ብቻ ይቀበላል፣ የዴኩ ድምፅም ይበዛበትና ይጮኻል። "ላይን ኢን" ያለው ትንሽ የዩኤስቢ ድምፅ ካርድ ግዙ። መቅጃው ኦዳሲቲ ይሁን፣ ነፃ ነው። ዋናው ፋይል ዋቭ፣ ድምፁን ሳይጨምቅ የሚያስቀምጠው ዓይነት፣ 24 ቢት፣ ቢያንስ 48 ኪሎኸርዝ። በዚህ መጠን አንድ ሰዓት ስቴሪዮ አንድ ጊጋባይት ገደማ ነው፣ መቶ ካሴት መቶ ጊጋባይት። ኤምፒ3 ለማሰማት ጥሩ ነው፣ ለማስቀመጥ አይደለም። "የካሴቱን የጀርባ ጫጫታ ላጥፋ" ብሎ ዋናውን ማጽዳት የብዙ ሰው ፈተና ነው። ማጽዳት የፈለገ ቅጂው ላይ ያጽዳ። የዛሬው ማጽጃ የሚበላውን ድምፅ የነገው ሊያድነው ይችላል።

አንድ የማይታለፍ ነገር፣ የአንድ ሰዓት ካሴት አንድ ሰዓት ይወስዳል። አቋራጭ የለውም። ስለዚህ መቶ ካሴት ያለው ማኅበር አንድ ወጣት በየቀኑ ከሥራ በኋላ ሁለት ሁለት ካሴት እንዲቀዳ ቢመድብ ሁለት ወር አይፈጅበትም፣ ሥራውን በአንድ የዘመቻ ቅዳሜ እንጨርሳለን የሚል ካለ ግን ካሴት ቀድቶ አያውቅም።

አዲስ ቅጂ፣ አዛውንት ለማናገር ማለት ነው፣ ስልክ ወይስ መቅጃ? እንደ ዙም ኤች1 ወይም ታስካም ያለ ትንሽ መቅጃ ይሻላል፣ ስልክ ሲደወል ስለማይቋረጥና ዋቭ ስለሚቀዳ። ከሌለ ስልኩን ከኔትወርክ አውጡት፣ ዋቭ የሚቀዳ አፕ ጫኑ፣ ከአፋቸው አንድ ክንድ ያህል አርቃችሁ ፎጣ ላይ አስቀምጡት። ከመሣሪያው በላይ ግን ክፍሉ ይወስናል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በሐምሌ ከሰዓት በኋላ የተቀዳ ታሪክ የዝናብ ታሪክ ነው። ጠዋት ሂዱ። ፍሪጁን አስነቅሉ። ቡና የሚወቀጥ ከሆነ ተወቅጦ እስኪያልቅ ጠብቁ፣ ቡናውን ጠጥታችሁ ጀምሩ፣ ደግሞም ባይቀዳም ጨዋታው ያኔ ነው የሚሟሟቀው። ድቤ የሚመታ ከሆነ የድምፁን መጠን ቀድማችሁ ዝቅ አድርጉት፣ ከፍተኛው ምት ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ይሁን። የተሰነጠቀ ድምፅ አይጠገንም።

የት ይቀመጥ?

ከጉግል ድራይቭ እንጀምር። በነፃ 15 ጊጋባይት። ከላይ ያሉት ሁለት ሺህ ገጾች ብቻ ሦስት እጥፍ ናቸው። ክፍያው በየወሩ ነው፣ የከፈለው ልጅ ሥራ ቀይሮ አገር የለቀቀ ቀን ማኅደሩም አብሮት ይሄዳል። ቴሌግራም ነፃ ነው፣ ሰውም ያለው እዚያ ነው፣ አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይቀበላል። ፎቶውን "እንደ ፋይል" ካላካችሁት ግን ይጨምቀዋል። ለማሳያ፣ "ይህን ሰው የሚያውቅ አለ?" ብሎ ለመጠየቅ ከቴሌግራም ቻናል የሚበልጥ የለም። ለማስቀመጫ አይሆንም። ዩቲዩብም እንደዚሁ፣ የሰጣችሁትን ጨምቆ ነው የሚያሳየው።

ስለዚህ ሃርድ ዲስክ። አንድ ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ሁለት ግዙ፣ ከተቻለ የተለያየ ስሪት፣ አንዱ ጅማ አንዱ ሌላ ከተማ ዘመድ ቤት ይቀመጥ። አንድ ቤት ውስጥ ያሉ ሁለት ዲስኮች ለሌባና ለእሳት አንድ ናቸው። ፍላሽ ላይ አትመኩ፤ ገበያ ላይ "አንድ ቴራ" የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ውስጡ ግን ትንሽ የሆነ የውሸት ፍላሽ ሞልቷል። ፋይሉን ይቀበላችኋል፣ ስትከፍቱት ባዶ ነው። ማንኛውንም አዲስ ዕቃ እስከ ጢሙ ሞልታችሁ መልሳችሁ ሳታነቡ አትመኑት። በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ ዲስኮቹን አውጥታችሁ ክፈቷቸው፣ ቼክሰም የሚባለውን የፋይል አሻራ የምታወጣ ነፃ ፕሮግራም አለች፣ አምና ያወጣችሁትን ከዘንድሮው ጋር ታነጻጽራላችሁ። አሻራው ከተለየ ፋይሉ ተበላሽቷል ማለት ነው፣ ከሁለተኛው ዲስክ ትተኩታላችሁ።

ሦስተኛው ቅጂ ነው ኢንተርኔት ላይ የሚወጣው። እዚህ ላይ ኢንተርኔት አርካይቭን እመርጣለሁ፤ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ ነፃ ነው፣ ቲፉንም ዋቩንም እንዳለ ይቀበላል፣ እንዳለ ያወርዳል። ዊኪሚዲያ ኮመንስም ጥሩ ነው፣ ግን የሚቀበለው ማንም በነፃ እንዲጠቀምበት የተፈቀደውን ብቻ ነው። ሁለቱም ግን ብቸኛ ቅጂ መሆን የለባቸውም። ኢንተርኔት አርካይቭ በጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. በጥቃት ምክንያት ለቀናት ተዘግቶ ነበር። የእንግሊዙ ብሪቲሽ ላይብረሪም በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ተጠቅቶ አገልግሎቱ ለወራት ተቃውሷል። እነሱ ላይ የደረሰ እኛ ላይ አይደርስም አይባልም።

አሁን ሶፍትዌሩ

ስብስቡን በዝርዝር ይዘው ለሰው የሚያሳዩት ፕሮግራሞች ዲስፔስ፣ ኦሜካ፣ ግሪንስቶን ናቸው። በአጭሩ፦ ዲስፔስ የተቋም ነው። የአዲስ አበባም የጅማም ዩኒቨርሲቲዎች የመመረቂያ ጽሑፎቻቸውን የሚያኖሩት በሱ ነው። ጠንካራ ሰርቨርና የሚያውቀው ባለሙያ ይፈልጋል፣ ባለሙያው የሄደ ቀን ይቆማል። ሰፈር ውስጥ ያለ ማኅበር ዲስፔስ ልትከል ካለ ይቅርባችሁ እለዋለሁ። ኦሜካ ተራ የዌብሳይት ኪራይ ላይ ይጫናል፣ ፎቶና ታሪክን አሳምሮ ያሳያል፣ ለትምህርት ቤት፣ ለሙዚየም፣ ለቤተሰብ ማኅደር ይስማማል። ግሪንስቶን ከኒውዚላንዱ ዋይካቶ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ነው፣ መልኩ ያረጀ ነው፣ ነገር ግን ስብስቡን ያለ ኢንተርኔት በአንድ ኮምፒውተር ወይም ከዲስክ ላይ ይከፍታል። ኔትወርክ ለሌለው የወረዳ ንባብ ቤት ከሦስቱ ይህ ይሻላል። ሙኩርቱ የሚባል አራተኛም አለ፣ ከአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ጋር ተሠርቶ የተጀመረ፣ "ይህን ማን ይይ?" የሚለውን ማኅበረሰቡ ራሱ እንዲወስን የሚያደርግ። የሃይማኖት ወይም የጎሳ ሚስጥር ያለበት ስብስብ ካላችሁ እሱን ተመልከቱ።

ከአራቱ የቱንም ምረጡ፣ ዝርዝሩ በኤክሴል ይኑራችሁ። ሶፍትዌር ይቀየራል፣ ኤክሴሉን ወደ ሌላው ማስገባት ግን ይቻላል። ቁጥር፣ ርዕስ፣ ማን ጻፈው ወይም ማን ተናገረው፣ መቼ፣ የት፣ በምን ቋንቋ፣ ከማን ተገኘ፣ ማን ፈቀደ። ደብሊን ኮር የሚባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት 15 ሳጥን አለው፣ ግማሹ ለመጀመር ይበቃል። ዘመኑን ስትጽፉ የኛን ነው የፈረንጁን የሚለውን ሳትለዩ አትለፉ። ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1878 እ.ኤ.አ. ነገሡ፤ አንዱ እ.ኤ.አ.ን ረስቶ 1878 ብቻ ብሎ ቢያስገባ ሌላው በኛ ቆጥሮት የስምንት ዓመት ስህተት ይወለዳል። ለቦታ ስም ደግሞ ሰው ሊፈልግ የሚችልባቸውን ሁሉ ጻፉ። ጅማ፣ ጂማ፣ በቁቤ፣ በእንግሊዝኛው በጄ፣ በጣሊያኖቹ ካርታ በጂ፣ ከዚያም ጅሬንና ሂርማታ። በዓይኑ ዐ ዕድር ተብሎ የተጻፈውን እድር ብሎ የፈለገ ሰው ላያገኘው ይችላል። የፋይሉ ስም ራሱ ግን በላቲን ፊደልና በቁጥር ይሁን፣ ያለ ክፍት ቦታ፣ አንዳንድ ፕሮግራም ግዕዝ ፊደል ሲያይ ወደ ጥያቄ ምልክት ይቀይረዋል።

ጽሑፉን ኮምፒውተር ያንብበው ለምትሉ፣ ቴሰራክት የሚባለው ከምስል ላይ ፊደል የሚያነብ ነፃ ፕሮግራም የታተመ አማርኛን ይሞክራል፣ ውጤቱ እንደ ኅትመቱ ጥራት ነው። የእጅ ጽሑፍና አጀሚ ላይ ተስፋ አታድርጉ፣ እሱን ማንበብ የሚችሉ ሰዎች ገና በሕይወት ሳሉ ጮክ ብለው እንዲያነቡት አድርጋችሁ ድምፃቸውን ቅዱ። ከገጹ ፎቶ ጋር ይቀመጥ።

ክፍት፣ ግማሽ ክፍት፣ ዝግ

ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ ይውጣ ማለት አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲ መብት ደራሲው በሕይወት ሳለና ካረፈ በኋላም 50 ዓመት ይጠበቃል፣ የአያት ደብዳቤ ወረቀቱ የናንተ ስለሆነ ብቻ ለማሳተም አይፈቀድላችሁም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ። የዕድር መዝገብ ውስጥ ማን ስንት እንደተበደረ፣ ማን በምን ሕመም እንደታመመ ተጽፏል፣ የልጅ ልጆቹ እዚያው ሰፈር ናቸው። ስለዚህ መዝገቡን ሙሉውን ስካን አድርጉ፣ ኢንተርኔት ላይ ግን ሽፋኑንና የምሥረታ ደንቡን ብቻ አውጡ፣ የቀረው ንባብ ቤት ለሚመጣ ሰው ይከፈት፣ የብድርና የሕመም ገጾቹ ዕድሩ ከወሰነ ይዘጉ። ካርታ አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለበትም፣ የመንግሥት ከሆነ ያሳተመውን መሥሪያ ቤት ጠይቁ። የመንዙማ ካሴት ላይ ድምፃቸው ያለው ሼህ ቤተሰብ ካላቸው ሄዳችሁ አሰሟቸው፣ ፈቃዳቸውንም እዚያው በድምፅ ቅዱት፣ ማን እንደሆኑ፣ ምን እንደፈቀዱ፣ እስከ የት እንደፈቀዱ። ያ ቅጂ ከካሴቱ ፋይል ጋር በአንድ ፎልደር ይግባ። አይሆንም ካሉ ፋይሉ ዲስኩ ላይ ይቆይ፣ ኤክሴሉ ላይ "ዝግ" ተብሎ ይጻፍ፣ የጠየቃችሁበት ቀንም ይመዝገብ፣ ልጆቻቸው ነገ ሊስማሙ ይችላሉ።